ነጻ ደቂቃ

ማክሰኞ ዕለት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ጠበቃ ማይክሮፎኑን ቧንቧ ወደሚሉት ልጅ አፍ አስጠግታ ጣቷን ወደ ላይ አነሣች። «ጀምር» ማለቷ ነበር። ውጭ፣ ዕረፍት የወጣው ተማሪ ጫጫታው ቀስ በቀስ ረገበ። ማክሰኞ ማክሰኞ በዚህ ሰዓት ከድምፅ ማጉያው ምን እንደሚወጣ ስለማይታወቅ፣ ኳስ የሚጫወቱት እንኳ ኳሳቸውን በእግራቸው ረግጠው ይቆሙ ነበር።

ጠበቃ መዝገብ ላይ የሰፈረ ስሟ አልነበረም። ስድስተኛ ክፍል ሳለች፣ አንድ ልጅ ባፏጨ መላው ክፍል እንዲንበረከክ የፈረዱትን መምህር ቆማ ስትሞግታቸው፣ መምህሩ ሳቃቸው መጥቶ «አንቺ ጠበቃ፣ በይ ተቀመጪ» አሏት። ከዚያ ወዲህ ከእናቷ በቀር በስሟ የሚጠራት ጠፋ። አሁን አሥረኛ ክፍል ናት፤ ከክፍሏ አንደኛ፣ የሚኒ ሚዲያው ክበብም ሰብሳቢ። ቧንቧ የክፍል ጓደኛዋ ነው። አባቱ የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው፤ ልጁ ደግሞ አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋው አይገኝም። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ልጆች ብዙ አልደከሙም።

የሚኒ ሚዲያዋ ክፍል ቀድሞ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ነበረች። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳዋ ላይ የእንቁላል ካርቶን ተለጥፏል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ማይክሮፎንና አንድ አሮጌ አምፕሊፋየር አለ። የአምፕሊፋየሩ ቀይ ማጥፊያ ደግሞ በነጭ የቁስል ፕላስተር ተጠፍሯል። ፕላስተሩን ያመጣችው ከእናቷ ፋርማሲ፣ የለጠፈችውም በገዛ እጇ ጠበቃ ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ በሚኒ ሚዲያው የሚነበብ ሁሉ ከአንድ ቀን በፊት ምክትል ርእሰ መምህሩ ዘንድ ቀርቦ ይፈረምበት ነበር። ጠበቃ ይህ አልዋጥልሽ አላት። ቢሮአቸው እየተመላለሰች ተከራከረች፤ «ክፉ ቃል ቢነገር እንኳ ለቃል መልሱ ቃል ነው» አለች። ምክትሉ በመጨረሻ ተሸነፉ፤ ወይም ሰለቹ። በሳምንት አንድ ደቂቃ ብቻ፣ የፈለገ ተማሪ የፈለገውን፣ ማንም አስቀድሞ ሳያየው እንዲናገር ተፈቀደ። ክበቡ ሲሰበሰብ ግን አንዱ ልጅ፣ «ማጥፊያው አጠገብ የሚቀመጠው ሰው ያልጣመውን ቢያጠፋስ?» ብሎ ጠየቀ። በማግስቱ ጠበቃ ፕላስተሩን ይዛ መጣች። «የገዛ እጃችን እንዳይፈትነን ነው» ብላ ስትለጥፈው ሁሉም አጨበጨቡ።

እስካሁን ያስቸገረ ነገር አልነበረም። አንዷ ስለ መጸዳጃ ቤቱ ውኃ አማርራለች። አንዱ የሒሳብ መምህሩን ሳል አስመስሎ ግቢውን በሳቅ ገድሎታል፤ መምህሩም አብረው ስቀዋል።

«የማይክሮስኮፑን ሌንስ አልሰበርኩም» ብሎ ጀመረ ቧንቧ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። «የላቦራቶሪዋ ቴክኒሻን መጨረሻ የነካው እሱ ነው ብለው ስለጠቆሙ ብቻ ወላጅ አምጣ ተባልኩ። አባቴ ሥራውን ጥሎ መጣ። ባላጠፋሁት ጥፋት ሰው ፊት ይቅርታ ጠየቅሁ። አባቴም አንገቱን ደፋ። ማንም ደግሞ አይተሃል ወይ፣ ሰምተሃል ወይ ብሎ አልጠየቀኝም።»

ጠበቃ ደረቷ ሲሞላ ተሰማት። ነጻ ደቂቃ የተፈጠረው ለዚህ ነበር፤ ልክ ለዚህ። ቧንቧን እያየች «ቀጥል» በሚል ራሷን ነቀነቀች።

በዚህ መሀል ውጭ አንድ ልጅ አፏጨ። ሌላው «ንገራት» አለ። ሳቅ ተከተለ። ቧንቧም ሰማው፤ ከንፈሩ ላይ ፈገግታ መጣ፤ የድምፁ መንቀጥቀጥ ጠፋ።

«እና ቲቸር፣ ስሚኝ» አለ። እስካሁን በአክብሮት ይጠራት የነበረው ልጅ «አንቺ» ማለት ጀመረ። «ቤትሽን አውቀዋለሁ። የወጥ ቤትሽን ቧንቧ የቀጠልነው እኔና አባቴ ነን። ማታ ማታ በእንጨት መሸጫው ጀርባ ብቻሽን እንደምትሄጂም አውቃለሁ። እዚያ ጋ መብራት የለም። አንድ ቀን እንገናኛለን።»

ሳቁ ደመቀ። ጠበቃ የፕላስተሩን ጫፍ በጥፍሯ ያዘች። እናቷ የምትሸጠው ጥሩውን ዓይነት ነው፤ አልላቀቅ አለ። ቧጠጠችው። ሶኬቱን መንቀል እንደሚቻል ትዝ ያላት ከምሳ በኋላ ነበር።

በመስኮቱ ማዶ የላቦራቶሪው መስኮት ይታያል። ነጭ ጋዋን የለበሰችው ቴክኒሻን የሙከራ ቱቦ በእጇ እንደያዘች ደርቃ ቆማለች። ከፊቷ የተከፈተው ውኃ ዝም ብሎ ይወርድ ነበር።

«ጨረስኩ» አለ ቧንቧ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ እየገፋ። «አሪፍ ነበር፣ አይደል?»

*

ከሰዓት በኋላ ቧንቧ ደብተሩን ሰብስቦ እንዲወጣ ተደረገ። ረቡዕ ቴክኒሻኗ ሥራ አልገባችም። ሐሙስ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ጠበቃን ጠራት።

የምክትሉ ቢሮ ጠረጴዛ መስተዋት ለብሷል፤ ከመስተዋቱ ሥር የቀድሞ ተመራቂዎች ፎቶግራፎች ተደርድረዋል። ጠበቃ የማታውቃቸውን ፊቶች እያየች መለሰች።

«የሚናገረውን አስቀድመሽ አይተሽው ነበር?» አሉ ምክትሉ።

«አላየሁም። ደንቡ አይፈቅድም።»

«ስትሰሚውስ ማጥፋት አትችዪም ነበር?»

«ፕላስተር ነበረበት።»

«ማን ለጠፈው?»

«እኔ።»

የኮሚቴው አባል የሆኑት የሒሳብ መምህሩ ሳል ሳል ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ጠበቃ ሌሊቱን ስታሰላስለው ያደረችውን ንግግር ጀመረች። ልጁ ተበድሏል፤ ሌንሱን የሰበሩት የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች መሆናቸው ታውቋል፤ የንግግሩ ግማሽ እውነተኛ አቤቱታ ነበር።

«ሌላው ግማሽስ?» አሉ የሒሳብ መምህሩ።

«እሱም ቢሆን ንግግር ነው፣ ቲቸር። ማንን ምን አደረገ? እጁን በማንም ላይ አላነሣም። ያደርገዋል ብዬ ደግሞ አላምንም።»

«እኔም አላምንም፣ የኔ ልጅ» አሉ ምክትሉ በለሆሳስ። ጠበቃ ለክርክር ተዘጋጅታ ስለነበር፣ ይህ መልስ የምትደገፍበትን ነገር ከሥሯ እንደ መሳብ ሆነባት። «እዚህ ከተቀመጥነው ማንም አያምንም። ነገር ግን ከእኛ መሀል በዚያ መንገድ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም።»

ውሳኔው አጭር ነበር። ቧንቧ ዓመቱን ከትምህርት ይታገዳል። የሚመለሰው ቴክኒሻኗ ራሷ እስከ ሰኞ ጠዋት መጥታ፣ «ስጋት የለብኝም፣ ይመለስ» ካለች ብቻ ነው።

«ትጠይቋታላችሁ?» አለች ጠበቃ።

«አንጠይቃትም። አለቃ ሆኖ እንዲህ ያለውን መጠየቅ፣ ማስገደድ ነው።»

ጠበቃ ከቢሮው ስትወጣ አንድ ነገር ብቻ በጭንቅላቷ ይዞር ነበር። እኔ የማንም አለቃ አይደለሁም፤ እኔ መጠየቅ እችላለሁ።

*

ቧንቧ ከግቢው አጥር ውጭ፣ የአባቱን የመሣሪያ ቦርሳ በትከሻው አንግቶ ይጠብቃት ነበር። እጁ በግራሶ ጠቁሯል።

«እሺ ጠበቃዬ፣ በነጻ ተለቀቅሁ?» አለ።

«አታላግጥ። ያልከው ነገር ግን ምን ማለት ነበር?»

«ምን ማለት ነበር ማለት ምን ማለት ነው? እንገናኛለን ነው ያልኩት። ፊት ለፊት አግኝቻት እንድታፍር። ያላጠፋሁትን እኮ ነው የለጠፈችብኝ።»

«መብራት የለም ያልከውስ?»

ቧንቧ ግራሶውን ከአውራ ጣቱ ላይ ይፈትግ ጀመር። «እንዴት ልበልሽ… ልጆቹ ሲስቁ ደስ አለኝ። አባቴ አንገቱን ሲደፋ ያዩት ልጆች ናቸው እኮ። ከዚያ አፌ ዝም ብሎ ሄደ።» ቀና ብሎ አያት። «አንቺስ ቆይ፣ ለምን አላጠፋሽውም?»

«ይቅርታ ጠይቃት» አለች ጠበቃ፣ ጥያቄውን እንዳልሰማች።

«የት? ዘበኛው በር አያስደርሰኝ። ቤቷ እንዳልሄድ ደግሞ…» ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። ሁለቱም ገባቸው። በሯን ቢያንኳኳ ምን ብላ ትከፍትለታለች? «አባቴ ሰኞ ሌላ ከተማ የሕንፃ ሥራ አለው። ካልተመለስክ ይዤህ እሄዳለሁ ብሏል። እዚያ ከሄድኩ አለቀልኝ፣ በቃ፤ ዕድሜ ልኬን ቧንቧ።» ሊስቅ ሞከረ፤ አልመጣለትም።

«ነገ ከትምህርት በኋላ አነጋግራታለሁ። ያለችውን ወዲያው እነግርሃለሁ።»

«በሩ ላይ ከቆምኩ ዘበኛው ያባርረኛል። እዚያ ማዶ፣ እንጨት መሸጫው ጥግ እጠብቅሻለሁ።»

«እሺ» አለች ጠበቃ። ሐሳቧ ለነገ በምታዘጋጀው ንግግር ላይ ነበር።

*

ማታ እናቷ ቀኑን ሙሉ የቆመችበትን እግሯን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣ ነበር።

«እማዬ፣ ሰው ስለተናገረ ብቻ ከትምህርት ይባረራል?»

እናቷ ወሬውን ቀድማ ሰምታ ነበር፤ ፋርማሲ ውስጥ የማይሰማ የለም። «እኔንም አንድ ሰው ተናግሮኝ ያውቃል» አለች። «ያለ ሐኪም ወረቀት መድኃኒት ሽጪልኝ አለኝ፤ አይሆንም አልኩት። ‹እሺ፣ ስትወጪ አገኝሻለሁ› ብሎኝ ሄደ። እየሳቀ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ምንም። ተመልሶም አልመጣ።»

«መቼ ነው?»

«አንቺ ገና ሆዴ ውስጥ ነበርሽ።»

ጠበቃ ትንፋሿን ለቀቀች። «አየሽ፣ ታዲያ ወሬ ብቻ ነበር ማለት ነው።»

«ወሬ ብቻ» አለች እናቷ። እግሯን ከውኃው አውጥታ በፎጣ ታደርቅ ጀመር። «በሩ ሲከፈት ግን እስካሁን ቀና ብዬ አያለሁ።»

«ያኔ ለምን ለአንድ ሰው አልተናገርሽም?»

«ምን ብዬ ልናገር? ሰውየው ምን አደረገኝ?»

ጠበቃ ይህን አባባል የት እንደሰማችው ለማስታወስ ጥቂት ፈጀባት። ሐሙስ ጠዋት፣ ምክትሉ ቢሮ፣ ከገዛ አፏ ነበር።

*

አርብ፣ ተማሪው ወጥቶ ግቢው ጭር ሲል ላቦራቶሪው በር ላይ ቆመች። ሦስት ነጥቦች አዘጋጅታ ነበር፤ በቃሏ ይዛቸዋለች። ቴክኒሻኗ የታጠቡትን ቱቦዎች የእንጨት መደርደሪያው ላይ እየደፋች ትሰካ ነበር። ሁልጊዜ መስኮቱ ሥር የሚቀመጠው ጠረጴዛዋ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ፣ ወንበሩ ፊቱን ወደ በሩ አዙሯል።

«ለልጁ ነው የመጣሽው» አለች ቴክኒሻኗ።

«አዎ፣ ቲቸር።»

«ጥሩ ጓደኛ ነሽ።» ሽሙጥ አልነበረበትም። «ሌንሱን እሱ እንዳልሰበረው ለኮሚቴው ነግሬአለሁ። ቸኩዬ ነው የጠቆምኩት፤ ጥፋቱ የኔ ነው። አባቱንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

የጠበቃ የመጀመሪያ ነጥብ በዚሁ አለቀ። ወደ ሁለተኛው አለፈች። «ልጅ ነው፣ ቲቸር። አፉ ነው እንጂ ልቡ…»

«አውቀዋለሁ እኮ።» ቴክኒሻኗ እጇን በጋዋኗ ጠራረገች። «ቤቴ የመጡ ጊዜ አባትየው ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ተንጋለው ሲሠሩ፣ እሱ ባትሪ ይዞ ያበራላቸው ነበር። ወሬው አያልቅም። ሆዴን እስኪያመኝ አስቆኛል። የሽንኩርት ልጣጭ በማይክሮስኮፕ ምን እንደሚመስል አሳይሃለሁ ብዬው ነበር።» ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ግን ብዙ አልቆየም። «አሁን ወጥ ቤት ስገባ የማየው እሱ ባትሪ ይዞ የቆመበትን ቦታ ነው።»

ጠበቃ ሦስተኛውን ነጥብ ለመናገር አፏን ከፈተች። ትናንት ማታ ሁሉን የሚፈታ መስሏት ነበር። «ለምክትሉ አንድ ቃል ቢነግሯቸው ይመለሳል። ካልሆነ ሰኞ አባቱ ይዘውት ይሄዳሉ፤ በዚያው ትምህርቱን ይተወዋል።»

«ምን ብዬ ልንገራቸው?»

«ስጋት የለብኝም…»

«እየፈራሁ?»

ቧንቧው ጠብ ጠብ ይል ነበር። ጠበቃ በሕይወቷ ብዙ ሰው ተከራክራለች፤ እንዲህ በዝግታ የተጠየቀችበት ጊዜ ግን አልነበረም። አይፍሩ ብሎ መከራከር እንዴት እንደሚቻል አላወቀችም። ይዋሹ ብላ መለመንም አልሆነላትም።

«ማጥፊያው አጠገብ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ» አለች በመጨረሻ።

«አውቃለሁ። ማይክሮፎኑ ሁሉን ያሰማል። እሱ ሲናገር ከኋላ የሚቧጥጥ ድምፅ ይሰማ ነበር። ምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው።» ቴክኒሻኗ ጋዋኗን አውልቃ ሰቀለች። «ነይ እንውጣ፤ ሳይመሽ ልሂድ።»

በሩን ቆለፈች። እጀታውን ጎትታ ሞከረችው፤ ጥቂት ተራምዳ ተመልሳ ደግማ ጎተተችው። ግቢውን ሲያቋርጡ፣ ማክሰኞና ትናንት ዘበኛው እስከ ትልቁ መንገድ ሸኝቷት እንደነበር ነገረቻት። ዛሬ ተረኛው ሌላ ሰው ነው፤ እሱን ደግሞ ለመጠየቅ አፍራለች።

ከበሩ ውጭ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ግራው ትልቁን መንገድ ተከትሎ ዞሮ ይሄዳል። ቀኙ አጭሩ ነው፤ በእንጨት መሸጫው በኩል ያቋርጣል። ጀንበር ልትገባ ጥቂት ቀርቷታል። የተከመረው ጣውላ ጥላውን አስፋልቱ ላይ ዘርግቷል፤ ከጥላው ውስጥ፣ ጥጉ ላይ፣ አንድ ልጅ ቦርሳ አንግቶ ቆሟል።

ቴክኒሻኗ ቀጥ አለች።

ጠበቃ ትናንት ሳታስብ ያለችው «እሺ» ያን ጊዜ ትዝ አላት።

«ቲቸር፣ እኔን ነው የሚጠብቀው። የሚሉትን ልነግረው ቀጥሬው ነው። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«እሺ» አለች ቴክኒሻኗ። እግሯ ግን አልተነቃነቀም። የቦርሳዋን ማንገቻ የያዙት ጣቶቿ ነጥተዋል።

ቧንቧ ከጥላው ወደ ብርሃኑ አንድ እርምጃ ወጣ። እጁን ከፍ አድርጎ አወዛወዘ፤ ፊቱ ላይ ያ ጠበቃ የለመደችው ፈገግታ ነበር። ከዚያ ቅንድቡን አነሣ፤ እንዴት ሆነ ማለቱ ነው። መቆሙ ብቻውን ምን እያደረገ እንደሆነ አላወቀም። እንዲያውቅ ደግሞ ጠበቃ ሮጣ ሄዳ ልትነግረው ይገባ ነበር፤ ከሄደች ግን ሴትዮዋ በሩ ላይ ብቻዋን ትቀራለች። ጮኻ ልታስረዳውም አልቻለችም። መሀላቸው ባለው መንገድ ላይ የምትወረውረው ቃል አጣች።

እጇን አንሥታ አልመለሰችለትም። ቴክኒሻኗን በስተጀርባ ዞራ፣ በእንጨት መሸጫው በኩል ባለው ጎኗ መጥታ ቆመች።

«ቲቸር» አለች። «ዛሬ አብሬዎት ልሂድ?»

ቴክኒሻኗ ዓይኗን ከማዶው ጥግ አልነቀለችም። እዚያ ማዶ ቧንቧ እጁን እንደገና አነሣ።